አልነሳ ያለ የጭነት መኪና፦ መፍቻ ከመያዝ በፊት ጭሱን ማንበብ

በአንድ የኅዳር ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን መውጫ ላይ ቆሞ ያደረ ሲኖትራክ አልነሳ ብሎ ተጠርቼ ስደርስ፣ ናፍጣን በኃይል ወደ ሞተሩ የሚገፋው ኢንጀክሽን ፓምፕ ወልቆ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ረዳቱ ጭን ላይ አገኘሁት። ሾፌሩ ሌሊቱን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሰው ነው፤ «ፓምፑ ነው ብለውኛል፣ አዲስ አበባ ልልከው ነው» አለኝ። «ማስነሻው ሞተሪኖ ሲያዞር ከጭስ ማውጫው ምን ይወጣ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው ግን ከረዳቱ ጋር ተያዩ፤ ያየ ሰው አልነበረም። ፓምፑን መልሰን ገጥመን ስንፈትሽ የተገኘው ጥፋት፣ ከሳልባትዮው (ከናፍጣ ታንከሩ) ናፍጣ በሚያመጣው የጎማ ቱቦ ላይ፣ ፋሸታው (ማሰሪያ ቀለበቱ) ከሚያጠብቅበት ሥር የነበረች የፀጉር ያህል ስንጥቅ ናት። ቱቦው የተቀየረው ፓምፑን ለማውለቅ ብቻ ከተከፈለው ገንዘብ እጅግ ባነሰ ዋጋ ነበር።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ያ ዓይነቱ ወጪ እንዳይደገም ነው። አልነሳ ያለን ሞተር የሚፈትሽ ሰው ማድረግ ያለበት ነገር ብዙ ቢሆንም፣ ሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ሊታሰር ይችላል፦ መጀመሪያ በዓይንና በጆሮ የሚታወቀው፣ ቀጥሎ በመልቲሜትር የሚለካው፣ ከዚያ በእጅ ተፈትቶ የሚታየው፣ በመጨረሻ ደግሞ ወደ ጋራዥ የሚያስገባው። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፈርስ ሰው ጥፋቱን ላያገኝ መቻሉ ብቻ ሳይሆን፣ ያልነበረ ሁለተኛ ጥፋት መጨመሩም የተለመደ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የናፍጣ ሞተር ለመነሳት የሚፈልጋቸውን ሦስት ነገሮች ማስታወስ ይበቃል። ሞተሩ በበቂ ፍጥነት መዞር አለበት፤ ፒስተኑ አየሩን በሚገባ አምቆ ማሞቅ አለበት፤ ናፍጣም በሰዓቱና በደቃቁ ተረጭቶ መግባት አለበት። ሻማ የሌለው ሞተር ስለሆነ እሳቱ የሚመጣው ከታመቀው አየር ሙቀት ነው፤ ደህና ሞተር ላይ ይህ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል፣ ናፍጣ ደግሞ 200ን ጥቂት ሲያልፍ በራሱ መቀጣጠል ይችላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ አይነሳም፤ የመርማሪው ሥራ የጎደለው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

መኪናው የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ጎማው ሥር ታኮ ተደርጎ መቆም አለበት። ካቢኑ ከተገለበጠ መደገፊያ ብረቱ በትክክል መቆለፉን በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ። ሞተሪኖን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አያዙሩት፤ ከዚያም ሁለት ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። ይህ ሕግ በችኮላ ሲጣስ ባትሪውም ሞተሪኖውም አብረው ይሄዳሉ፣ ጥፋቱ አንድ የነበረውም ሦስት ይሆናል። ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር ከሚረጨው ኢንጀክተር የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ቀድዶ ሥጋ ውስጥ የሚገባ ኃይል ስላለው፣ የሚረጨውን በእጅ መዳፍ ለመፈተሽ መሞከር ጣት እስከማስቆረጥ ሊያደርስ የሚችል ድፍረት ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት ከውጭ ሲታይ መርፌ የወጋው ያህል ብቻ ቢመስልም፣ የደረሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

የመጀመሪያው ሙከራ

ሾፌሩን ካቢን ውስጥ አስቀምጠው እርስዎ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ይቁሙ፤ ቁልፉን ለአሥር ሰከንድ ያህል ያዙርልዎት። በእነዚህ አሥር ሰከንዶች ውስጥ ከግማሽ ቀን መፍታትና መግጠም የማይገኝ ነገር ያገኛሉ።

ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረ ወይም እያቃሰተ ከዞረ ጥያቄው የኤሌክትሪክ ነው፣ አልፎ አልፎም ሞተሩ ራሱ ተይዟል ማለት ነው። በደንብ እየዞረ ከጭስ ማውጫው ምንም የማይወጣ ከሆነ ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ እየደረሰ አይደለም። በደንብ እየዞረ ነጭ ወይም ግራጫ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ግን ናፍጣው ደርሷል፣ የሚያነደው ሙቀት ነው የጠፋው። የደብረ ብርሃኑ መኪና ፓምፑ ተመልሶ ሲገጠም ያሳየው የመጀመሪያው ምልክት ጭስ አልባ መሆኑን ነበር፤ ያንን ከመጀመሪያው ያየ ሰው ፓምፑን ከመንካቱ በፊት ከሳልባትዮ ይጀምር ነበር።

የማይዞር ወይም እያቃሰተ የሚዞር ሞተር

አብዛኞቹ የጭነት መኪኖች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ አስረው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ባትሪዎቹን በአንድነት መለካት ያታልላል፤ አንዱ 12.7 ሌላው 11.5 ቢሆን ድምሩ ለዓይን ብዙም አያስደነግጥም፤ ሞተሪኖውን ግን አያዞርም። ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው ይለኩ። ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካለው ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፣ ከ12 በታች ከሆነ ደግሞ ቻርጅ ሳይደረግ ሌላ ምርመራ መቀጠል ከንቱ ነው። ከዚያም ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ እንደገና ይለኩ፤ ሲያርፍ 12.6 የነበረ ባትሪ ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ውስጡ አልቋል፣ ወይም ሞተሪኖው ከሚገባው በላይ እየጠጣ ነው።

ቅዝቃዜ ይህን ሁሉ ያባብሰዋል። ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ባትሪው ከሚሰጠው ጉልበት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይቱም ይወፍራል። ቆላ የከረመ መኪና ባለ አንድ ቁጥር 40 ዘይት እንደያዘ ደጋው ጣርማበር ላይ ቢያድር፣ ማለዳ ላይ ሞተሩ በሙጫ ውስጥ የሚዞር ይመስላል፤ ደጋና ቆላ የሚመላለስ መኪና ብርድ ላይ ብዙም የማይወፍረውን 15 ደብሊው 40 ዘይት ቢይዝ የሚሻለውም ለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ማለዳ ፍሪሲዮን ረግጦ ማስነሳት ይረዳል፣ የካምቢዮው ወፍራም ዘይት ከሞተሪኖው ትከሻ ላይ ይወርዳልና።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ከደከመ ወደ ገመዶቹ ይሂዱ። ሞርሴቶው (የባትሪው ገመድ ማያያዣ) ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃ ታጥቦ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ አለበት፤ ንጹሕ መስሎ ውስጡ የላላ ሞርሴቶ ግን ከዱቄታሙ ይልቅ ብዙ ሰው ያደክማል። ትክክለኛው ፈተና የቮልት መጥፋት መለኪያ ነው። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ላይ ያድርጉና ሾፌሩ ቁልፉን ያዙር። በጥሩ ገመድ ላይ የሚታየው ቁጥር ከግማሽ ቮልት አይበልጥም። ቀጥሎ ያንኑ በማሳው (በኔጌቲቩ መመለሻ) ወገን ይድገሙት፤ አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ይሁን። እዚህ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቮልት ካዩ ጥፋቱን አግኝተዋል። በልምዴ ከሻንሲው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ገመድ የሁሉም የተረሳ ልጅ ነው፤ ጭቃ ሥር ተቀብሮ ዝጎ ይበላል፣ ሰውም ሁለት አዲስ ባትሪ ገዝቶ ያው «ቀጭ» ይሰማል። መልቲሜትር ከሌለዎት ሞተሪኖው አሥር ሰከንድ ካዞረ በኋላ ገመዶቹን ጫፍ ጫፋቸውን ይዳስሱ፤ የሞቀው መጋጠሚያ እሱ ነው።

ድምፁም ይናገራል። ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ሞርሴቶ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ጧ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ካርቦን አልቋል፣ ወይም ሞተሩ ተይዟል። ሞተሪኖው በባዶው እየጮኸ ሞተሩ የማይዞር ከሆነ ጥርሱ ቮላኖውን (የሞተሩን ጥርሳም ጎማ) እየያዘ አይደለም። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ወደ ሞተሪኖው የምትሄደውን ቀጭን የትእዛዝ ገመድ ይለኩ፤ ቁልፉ ሲዞር 24 ቮልት ከደረሳት ጥፋቱ ሞተሪኖው ላይ ነው፣ ካልደረሳት ከኋላዋ ያሉትን ይፈትሹ፦ ዋናውን የባትሪ ማጥፊያ፣ ፊዩዙን፣ ሪሌውን፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን የሚያሳውቀውን ስዊች። ረዳቱ ዋናውን ማጥፊያ ማታ ዘግቶ ማለዳ ሳይከፍት የቀረበት ቀን አንድ ብቻ አይደለም፤ ያንን ቀን ብዙ ሰው አያወራውም።

ባትሪውም ገመዱም ደህና ሆኖ ሞተሩ አንዴ «ጧ» ብሎ ከቆመ፣ ደጋግሞ መሞከር አደገኛ ነው። ከሞተሩ ፊት ባለው የክራንክ ሻፍት ቡሎን ላይ ረጅም ዘንግ ያለው መፍቻ አስገብተው በእጅ ለማዞር ይሞክሩ። ትንሽ ዞሮ ድንገት ግድግዳ እንደገጠመው የሚቆም ከሆነ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ወይም ናፍጣ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅምና ሞተሪኖው በጉልበት ቢገፋው የሚጎብጠው ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ቢዬላ ነው። ይህን ከጠረጠሩ ኢንጀክተሮቹን አውጥተው ሞተሩን በእጅ ያዙሩ፣ የሚተፋውን ፈሳሽም ይዩ፤ ውሃ ከሆነ ነገሩ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሽን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ኢንጀክተሮቹ ወጥተውም ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ ሞተሩ ነክሷል፣ መንገድ ላይ የሚደረግለት ነገር የለም።

የሚዞር ነገር ግን የማያጨስ ሞተር

በአገራችን መንገድ ላይ ከሚያጋጥሙት ውስጥ ብዙውን ቦታ የሚይዘው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም የናፍጣ ወረፋ ያስመረረው ሾፌር ሳልባትዮውን እስከ ጠብታው ይነዳዋል፣ ከዚያም ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ጀሪካን ይሞላዋል። አንዱ አየር ያስገባል፣ ሌላው ቆሻሻና ውሃ።

ከሁሉ በፊት ሳልባትዮው ውስጥ ናፍጣ መኖሩን በዘንግ ጠልቀው ይለኩ፤ የዳሽቦርድ ጌጅ ምስክር አይደለም። ክዳኑን ሲከፍቱ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ «ፉት» የሚል ድምፅ ከተሰማ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል፣ ሳልባትዮው ውስጥ አየር መግባት ስላልቻለ ናፍጣው መሳብ አቅቶታል። ክዳኑን ከፍቶ መሞከር የሚወስደው አንድ ደቂቃ ነው።

ቀጥሎ የሞተር ማጥፊያውን ይመልከቱ። ሞተሩ ሲጠፋ ናፍጣውን የሚዘጋው ክፍል በአንዳንድ መኪና በሽቦ፣ በአንዳንዱ በሶሌኖይድ፣ በአንዳንዱ ደግሞ በኤር በሚገፋ ትንሽ ሲሊንደር ይሠራል። ሦስቱም ማጥፋቱን አውቀው መመለሱን የሚረሱበት ቀን አለ። ፓምፑ ላይ ያለችውን የማጥፊያ ዘንግ በጣትዎ ገፍተው ሙሉ በሙሉ ወደ መሥሪያው ቦታ መመለሷን ያረጋግጡ፤ ግማሽ ላይ ከቆመች ሽቦው ተጣብቋል ወይም የኤር ሲሊንደሩ ዝጓል። ሶሌኖይድ ካለው ደግሞ ረዳቱ ቁልፉን ኮንታክት ላይ ሲያደርግ «ጠቅ» ማለቱን ያድምጡ፤ ካላለ ፊዩዙንና ገመዱን ይለኩ።

ከዚያ ወደ ፊልትሮውና ወደ ውሃ መለያው ይምጡ። የሥሩን መክፈቻ ላላ አድርገው ጥቂት ናፍጣ በብርጭቆ ወይም በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ይቀበሉ፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁት። ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል፣ ድንበሩም በግልጽ ይታያል። ውሃ ካገኙ እስኪጠራ ያፍስሱት፣ ሳልባትዮውንም ከሥሩ ያራግፉት፤ ፊልትሮውን ብቻ መቀየር ውሃውን ለሁለተኛው ፊልትሮ ማቀበል ነው።

አሁን ኤር የማስወጣቱን ሥራ ይጀምሩ። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የኤር ማስወጫ ቡሎን ሁለት ዙር ያህል ያላሉ፤ የእጅ ፓምፑን እየገፉ የሚወጣውን ይመልከቱ። መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ አረፋ የተቀላቀለበት ናፍጣ፣ በመጨረሻ እንደ ክር የተያያዘ ጥሩ ናፍጣ መውጣት አለበት፤ ያን ጊዜ እየገፉ ሳሉ ቡሎኗን ይዝጉ። ያንኑ በኢንጀክሽን ፓምፑ መግቢያ ላይ ይድገሙት። እጅዎ እዚህ ላይ ጥሩ መለኪያ ነው። ፓምፑ ከተወሰነ ግፊት በኋላ እየጠነከረ ከሄደ መስመሩ ሞልቷል። መቶ ጊዜ ቢገፉትም ለስላሳ ሆኖ ከቀረ አየር ከአንድ ቦታ እየሳበ ነው። ወደ ላይ ሲስቡት የሚከብድና ለቀውት ሲመለስ የሚጎተት ከሆነ ደግሞ ከሳልባትዮው የሚመጣው መንገድ ተዘግቷል፤ ሳልባትዮው ውስጥ ያለው ወንፊት በጨርቅ ቁራጭ፣ በቅጠል ወይም በዝገት ታፍኖ ይገኛል።

አየር የሚስብን ቀዳዳ ለማግኘት ብዙ ሰው የሚንጠባጠብ ናፍጣ ይፈልጋል፤ የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። ከሳልባትዮ እስከ ሳቢው ፓምፕ ያለው መስመር በመሳብ ስለሚሠራ፣ ቀዳዳ ሲኖርበት ናፍጣ ወደ ውጭ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ላዩም ደረቅ ሆኖ ይታያል። የደብረ ብርሃኗ ስንጥቅም ደረቅ ነበረች። ያገኘኋት እንዲህ ነው፦ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ካቢኑ ጎን ላይ ከፍ አድርጌ አንጠልጥዬ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ቱቦ በቀጥታ ወደ ሳቢው ፓምፕ መግቢያ አገናኘሁት፤ ኤሩን አስወጥቼ ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። በጀሪካን የሚነሳና በራሱ ሳልባትዮ የማይነሳ መኪና ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ባለው መስመር ላይ ነው፣ ፓምፑም ኢንጀክተሩም በነጻ ተለቀቁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቱቦውን ክንድ በክንድ እያጠፍኩ ስፈትሽ ፋሸታው ሥር ስትከፈት አየኋት። በጀሪካንም ካልተነሳ ፍለጋው ወደፊት ይቀጥላል።

ኤሩ ወጥቶም ካልተነሳ፣ በመካኒካል ፓምፕ የሚሠራ ሞተር ከሆነ ወደ ኢንጀክተር የሚሄዱትን ሁለት ቧንቧዎች መጋጠሚያ ጥቂት አላልተው፣ ጨርቅ ከብበውበት፣ ፊትዎን አርቀው ሞተሪኖው ይዙር። ናፍጣ በየምቱ ፍንጥቅ ፍንጥቅ እያለ ከወጣ ፓምፑ እየሠራ ነው፤ ያጥብቁትና ወደ ቀጣዮቹ ሁለት ይሂዱ፣ ብዙ ጊዜ ስድስቱ ሳይጨርሱ ሞተሩ ይነሳል። ምንም ካልወጣ ግን ፓምፑን ከመውቀስዎ በፊት መዞሩን ይዩ። የሲኖትራክ 371 ሞተር ላይ ፓምፑ የሚዞረው በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች በተያያዘ ዘንግ ነው፤ ቅጠሎቹ ሲሰበሩ ወይም ቡሎናቸው ሲቆረጥ ሞተሩ እየዞረ ፓምፑ ቆሞ ይቀራል። መብራት ይዘው አጎንብሰው ማየት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ተነስቶ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ሞተርም ከዚሁ ክፍል የሚመደብ ነው፤ በመስመሩ ውስጥ የነበረውን ናፍጣ ጨርሶ ሌላ አልመጣለትም።

ነጭ ጭስ እያወጣ የማይነሳ

ነጩ ጭስ ሳይነድ የወጣ የናፍጣ ተን ነው፤ ዓይን የሚያቃጥልና የሚከረፋ ሽታ አለው። ስለዚህ የጎደለው ሙቀት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው የመዞር ፍጥነት ነው፦ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ካልደረሰ የታመቀው አየር ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ግድግዳ ይሰጥና ይቀዘቅዛል። እያቃሰተ የሚዞር ሞተር ነጭ ጭስ ቢያወጣ ወደ ባትሪው ክፍል ይመለሱ። ከፍታም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፣ ጣርማበር ላይ ከዚያም ያንሳል። አፋር ላይ በአንድ ንክኪ የሚነሳ ያረጀ ሞተር ደጋ ላይ አድሮ እምቢ ማለቱ ስለዚህ አያስገርምም።

ማሞቂያ ካንዴላ ወይም የአየር ማሞቂያ ያለው ሞተር ከሆነ ኤሌክትሪክ እየደረሰው መሆኑን ይለኩ። የዳሽቦርዱ መብራት መብራቱ ብቻ ማሞቂያው ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። ናፍጣው ራሱም ሊጠረጠር ይገባዋል፤ በስህተት ወይም በማጭበርበር ቤንዚን ከተቀላቀለበት ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ጥቂት ጠብታ በወረቀት ላይ አድርገው ይጠብቁ፤ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ናፍጣ ቅባቱን ይተዋል።

ሌላው የሚረሳው የሞተር ፍሬኑ ነው። በጭስ ማውጫው መንገድ ላይ ያለው ክዳን ተዘግቶ ከዛገ ሞተሩ የሚተነፍስበት ያጣል፤ ዘንጉን በእጅ አንቀሳቅሰው መከፈቱን ይዩ። ፓምፑ በቅርቡ ወልቆ የተገጠመ ከሆነ ደግሞ ናፍጣ የሚረጭበት ሰዓት ተዛንፎ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንድ ጊዜ ስለሚዞር፣ አንደኛው ሲሊንደር ከላይ መድረሱ ብቻ አይበቃም፤ እያመቀ የደረሰ መሆን አለበት። በማስወጫው ምት ላይ ከተገጠመ ናፍጣው በተቃራኒው ሰዓት ይረጫል፣ ጭሱም እንደ ደመና ይወጣል።

እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ዓይኑ ወደ ቤንዚን ጨርቅና ወደ ኤተር ቆርቆሮ መሄዱ አይቀርም። ማሞቂያ ያለው ሞተር ላይ ኤተር መርጨት አየር ማስገቢያው ውስጥ ፍንዳታ መጋበዝ ነው፤ ማሞቂያ በሌለውም ላይ ያለ ጊዜው የሚነድደው እሳት ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይሰብራል፣ ፒስተን ይሰነጥቃል። ሳልባትዮ ሥር እሳት ማንደዱን መጥቀስ ባያስፈልግ ደስ ባለኝ፤ ግን ዛሬም ይደረጋል። ብርድ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ ፀሐይ እስኪወጣ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ከሁሉም ይረክሳል።

ኮመን ሬል ያለው ሞተር

አዲሶቹ አይሱዙዎችና የቅርብ ዘመን ሲኖትራኮች ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚያጠራቅም አንድ የጋራ ቧንቧ (ሬል) አላቸው፤ ኢንጀክተራቸውን የሚከፍተውም ኮምፒውተር ነው። ከላይ የተባለው የባትሪ፣ የፊልትሮና የኤር ነገር ሁሉ ለእነሱም ይሠራል፤ አንድ ነገር ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፦ ወደ ኢንጀክተር የሚሄደውን ቧንቧ እያላሉ ኤር ማስወጣት። ግፊቱ ሞተሩ ሲሠራ ከ1,600 ባር ሊያልፍ ይችላል፣ ከጠፋ በኋላም ጥቂት ይቆያል።

ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን እንዲከፍት በማስነሻው ጊዜ ሬሉ ውስጥ ቢያንስ ከ200 እስከ 300 ባር ማየት ይፈልጋል። ስካነር ካለዎት ሞተሪኖው ሲያዞር ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ይመልከቱ። የዙሩ ቁጥር ዜሮ ሆኖ ከቀረ የክራንክ ሻፍት ሴንሰሩ ወይም ገመዱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን አያውቅም። ዙሩ ታይቶ ግፊቱ ካልወጣ ደግሞ ናፍጣው ወይ አልመጣም፣ ወይ በኢንጀክተሮቹ መመለሻ ወደ ሳልባትዮው እየሸሸ ነው። ይህን ለመለየት የእያንዳንዱን ኢንጀክተር መመለሻ ቱቦ ወደየራሱ ትንሽ ጠርሙስ ያስገቡና ያስዙሩ፤ አንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ ብዙ ከሞላ የሚያፈሰው ኢንጀክተር እሱ ነው። የግፊት ሴንሰሩ ራሱ ይዋሽ እንደሆነ ለማወቅ፣ ሞተሩ ቆሞ ኮንታክት ላይ ሳለ የምልክት ገመዱን ይለኩ፤ ከ0.5 እስከ 1 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። የራሱን ቁልፍ በኤሌክትሮኒክስ የሚለይ መኪና ከሆነ ሁለተኛውን ቁልፍ መሞከርም አይርሱ።

ኮምፕሬሽን እና የፓምፑ ነገር

ሁሉም ደህና ሆኖ ነጭ ጭሱ ካልቆመ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ይለካል። ከመለኪያው በፊት ጆሮ አለ፦ ደህና ሞተር ሲዞር በእኩል ምት ይጮኻል፣ አንዱ ሲሊንደር የደከመ እንደሆነ ግን በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ እየቀለለው ይሮጣል። የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ሞተሪኖው ሲያዞር በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻውና ካሚቻው (የሲሊንደሩ ግድግዳ) ተበልተዋል። መለኪያው በኢንጀክተሩ ቦታ ገብቶ ሲነበብ፣ በአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ጠለል መሆኑን አስታውሰው አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህሉን ይቀንሱለት፤ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስጨንቀው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቴስታታ ከመፍታትዎ በፊት ግን የቫልቮቹን ክፍተት ይለኩ። በ371ዱ ሞተር ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የማስገቢያው 0.3፣ የማስወጫው 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ክፍተቱ ጠፍቶ ቫልቩ በደንብ የማይዘጋ ከሆነ፣ ኮምፕሬሽኑ የጠፋው በፋሻ ሳይሆን በአንድ ሰዓት ማስተካከያ የሚመለስ ምክንያት ነው።

ፓምፑ መውለቅ ያለበት እዚህ ሁሉ ታልፎ፣ ንጹሕና ኤር የሌለበት ናፍጣ እየደረሰው፣ ዘንጉ እየዞረ፣ ማጥፊያው ክፍት ሆኖ፣ ከመውጫዎቹ ምንም ካልወጣ ወይም ፍንጥቅታው ደካማ ከሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አንደኛውን ሲሊንደር እያመቀ ከላይ አድርሰው፣ ፓምፑና መያዣው ላይ በስለት አንድ መስመር አስምረው ያውልቁት፤ የቧንቧዎቹንና የመውጫዎቹን አፍ በንጹሕ ላስቲክ ይሰሩ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲስ የተሠራን ፓምፕ ትበላለችና። ለፖምፒስታው (ለፓምፕ ጠጋኙ) «አይነሳም» ብለው ብቻ አይስጡት፤ ምን ዓይነት ጭስ እንደነበረ፣ በስንቱ መውጫ ናፍጣ እንደታየና በጀሪካን ሲሞከር ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ከፓምፑ ጋር እሰሩት።